የአምቡላንስ ሠራተኛው ሕመም የሥራ ላይ ጉዳት ተብሎ ይመዝገብ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁ ስለ ትራፊክ አደጋ በሚያወጣቸው ዜናዎች መጨረሻ ላይ ዘወትር ሦስት ቁጥሮች ይሰፍራሉ፤ የሞቱት፣ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውና ቀላል ጉዳት የደረሰባቸው። አልፎ አልፎም የወደመው ንብረት ግምት በብር ይጨመራል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱም ውስጥ የማይገቡ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ቁስለኛውን ከተጨፈለቀ መኪና ውስጥ ጎትተው የሚያወጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ በቃሬዛ ተሸክመው የሚሮጡት የአምቡላንስ ሾፌሮችና ነርሶች፣ በሌሊት በሩን ከፍተው የሚቀበሉት የድንገተኛ ክፍል ባለሙያዎች። እነዚህ ሰዎች ከዓመት ዓመት ከሚያዩት የተነሣ ይታመማሉ። ሕመሙ ስም አለው፣ ሕክምናም አለው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ አይመዘገብም፣ ስለማይመዘገብም አይታከምም።

እኔ አዳማ ውስጥ ለስምንት ዓመታት በአምቡላንስ ነርስነት ሠርቻለሁ። ከዚያ በኋላ የአእምሮ ጤና ነርስነት ተምሬ በዚያው ከተማ ሕሙማንን እያየሁ እገኛለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ነገሩን ከሁለቱም ወገን ቆሜ ካየሁት በኋላ ነው። አዳማን ለሚያውቅ አንባቢ ከተማዋ ምን ዓይነት ቦታ ላይ እንደተቀመጠች ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ እስከ ከተማዋ ዳርቻ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ወለንጪቲ፣ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ የሚወስደው የጅቡቲ መንገድ ይቀጥላል፤ በሌላው በኩል የአሰላና የወንጂ መንገዶች ይወጣሉ። ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና፣ ሰው የጫነ ሚኒባስ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ አንድ አስፋልት ይሻማሉ። በዚህ ከተማ አምቡላንስ ላይ የሚሠራ ሰው በዕድሜው አንድ ክፉ አደጋ አይቶ እሱን ብቻ የሚያስታውስ ሰው አይደለም። የትኛው ሕፃን በየትኛው መንገድ፣ የትኛዋ እናት በየትኛው ሌሊት እንደነበረች ተደባልቆበታል፤ አንዱን ለመናገር ሲጀምር ሌላው ይመጣበታል።

ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ እንዳይታይ እሰጋለሁ። ድኅረ አደጋ ጭንቀት የሚባለውን ሕመም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በመመርመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ ያኔ በብዙዎች ፊት የነበሩት ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም ግን አደጋው በራሱ ላይ ያልደረሰ፣ ነገር ግን በሥራው ምክንያት የአደጋን ዘግናኝ ገጽታ ደጋግሞ የሚጋፈጥ ሰውም በዚሁ ሕመም ሊያዝ እንደሚችል በግልጽ አስቀመጠ። እንደ ምሳሌ የጠቀሰውም የሟቾችን አካል ቅሪት የሚሰበስቡትን፣ አደጋ ቦታ ቀድመው የሚደርሱትን ሠራተኞች ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር የማስታውሰው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀውንና 157 ሰዎች ያለቁበትን አውሮፕላን፣ በዚያም የእርሻ መሬት ላይ ጓንት አጥልቀው አፈሩን ሲያበጥሩ የነበሩትን የቀይ መስቀል ሰዎች ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን የመጀመሪያው ናዳ የዋጣቸውን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የተሯሯጡትን ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው፤ ከዚያ በኋላም ለቀናት በእጅና በአካፋ የቆፈሩ ነበሩ። ስለ ሟቾቹ ሁላችንም አልቅሰናል። ቆፋሪዎቹ ዛሬ እንዴት ያድራሉ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ነገሩን ከቅርብ ለማሳየት የአንድ ሾፌር ታሪክ ልጻፍ። ፈቃዱን ጠይቄያለሁ፤ ማንነቱን ሊያሳውቅ የሚችለውንም ለውጫለሁ። በአምቡላንስ ሥራ ቁስለኛው ከወረደ በኋላ የሚቀር ሥራ አለ፤ መኪናውን ማጠብ። ብዙ ጊዜ ይህ የሾፌሩ ድርሻ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናውን ከሕንፃው ጀርባ ያቆማል፣ የኋላውን በር ከፍቶ የወለሉን ጎማ ምንጣፍ ይጎትታል፤ ቧንቧው ውኃ ከሌለው፣ ይህም በከተማችን ብርቅ አይደለም፣ በጀሪካን ያጠራቀመውን ውኃ ከበረኪና ጋር ደባልቆ በመጥረጊያ ይፈገፍጋል። የሚወርደው ውኃ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ሮዝ፣ በመጨረሻ የጠራ እስኪሆን ድረስ ያጥባል። ከምንጣፉ ሥር አንዳንዴ የተረሳ ነገር ይገኛል፤ አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ የተበጠሰ ማተብ፣ የመናኸሪያ ቲኬት። ይህ ሰው ለአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አጠበ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ግቢ ውስጥ ነጭ ልብስ በበረኪና ስትዘፈዝፍ ሽታው እቤት ውስጥ ደረሰው። «እግሬ ራሱ ይዞኝ ወጣ» ነው ያለኝ። ጫማ ሳያጠልቅ በሩን ከፍቶ እስከ ዋናው አስፋልት ሄዷል፤ ወደ ልቡ የተመለሰው ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋበት ነው። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩት ነበር። እኔ ዘንድ የመጣው ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። በመካከሉ ጠበል ገብቷል፣ የጨጓራ መድኃኒት ወስዷል፣ ለልብ ምርመራ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ «ልብህ ደህና ነው» ተብሎ ተመልሷል። ጠበሉን የማነሣው ለመንቀፍ አይደለም፤ እዚያ አብረውት የሰነበቱ ሰዎች ያሳዩትን ደግነት እስከ ዛሬ ያነሣል። የሚያሳዝነኝ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ካገኛቸው የጤና ባለሙያዎች መካከል ሥራው ምን እንደሆነ የጠየቀው አንድም ሰው አለመኖሩ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ አዲስ ለሚቀጠር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚነገረው ቃል «ትለምደዋለህ» ነው። ለእኔም ተብሏል፣ እኔም ለሌሎች ብያለሁ፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ባልኩት አዝናለሁ። ብዙ ጊዜ ልማድ ብለን የምንጠራው መደንዘዝን ነው፤ መደንዘዝ ደግሞ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አደጋ ሲገጥመው ሰውነት ራሱን ለማዳን ይነሣል፤ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፤ አእምሮም ያየውን፣ የሰማውንና ያሸተተውን ሁሉ እንደ ማስጠንቀቂያ ይይዛል። አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ይረጋጋል፤ ያ ሰዓትም ቀን፣ ቦታና መጨረሻ ያለው ታሪክ ሆኖ ይቀመጣል። አንዱ ሳይረጋጋ ሌላ ጥሪ ሲመጣ፣ ይህም ለዓመታት ሲደጋገም ግን ትዝታው ታሪክ ሳይሆን ይቀራል፤ ቀንና ቦታ የሌለው ሽታ፣ ድምፅና ምስል ሆኖ ይከማቻል። በረኪና የሸተተው ሾፌር ያን ጊዜ አደጋ ትዝ አላለውም፤ አደጋው እንደገና ሆነበት እንጂ።

ምልክቶቹን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ቤተሰብ ሁሉ ያያቸዋል። ሰውየው በቅዠት ይሠቃያል፣ በትንሽ ኮሽታ ይባንናል፣ ፊቱን ወደ በሩ ሳያዞር ምግብ ቤት አይቀመጥም፤ ከልጁ ትምህርት ቤት ስልክ ሲደወል እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሠርግ ተጠርቶ አይሄድም፣ የተወሰነ መንገድ ላለማለፍ ሲል ሩቅ ይዞራል። አንዲት ሚስት «እቤት አለ፣ ግን የለም» ብላኛለች። በዚህ ላይ በእኛ ሥራ የሚብሰው ጸጸት ነው፤ ሁለት ደቂቃ ቀድሜ ብደርስ፣ ደሙን በዚህ በኩል ይዤው ቢሆን እያሉ ለዓመታት ራስን መክሰስ። እንዲህ ያለው ነገር ከአንድ ወር በላይ ሲቆይና ኑሮን ሲያውክ ነው ድኅረ አደጋ ጭንቀት የሚባለው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ደግሞ ከዚህ የባሰውን፣ ውስብስብ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ብሎ ለብቻው ሰይሞታል፤ በዚህኛው ላይ ሰውየው ቁጣውን መግዛት ያቅተዋል፣ ራሱን ከንቱ አድርጎ ይቆጥራል፣ ሰው መቅረብ ይሳነዋል። የሥራ ኃላፊዎች «ጠባዩ ተበላሸ» ብለው ማስጠንቀቂያ ከሚጽፉባቸው ሠራተኞች መካከል ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ እንዳሉ በሥራዬ አይቻለሁ።

ሕክምና ያላገኘ ሰው ራሱን ማከም ይጀምራል። ጫቱ ለማደር ይሆናል፣ አረቄው ለመተኛት። ሌላው ደግሞ ከሚያውቀው ፋርማሲ ዲያዚፓም ይለምዳል፤ በጤና ተቋም ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ይህ ዓይነቱ ማስታገሻ ከአደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ውስጥ ለሚታየው ጭንቀት እንዳይሰጥ መክሯል። እንቅልፉን ይሰጣል፤ ሕመሙን አይነካውም፤ በዚያ ላይ ሱስ ያስይዛል።

ከባድ አደጋ በደረሰ ቁጥር ሠራተኞችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ያዩትን ሁሉ በዝርዝር እንዲናገሩ ማድረግ በጎ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ዘወትር የሚያቀርቡት መፍትሔ ነው። ይህ አሠራር የመጣው ራሱ በእሳት አደጋ ሥራ ላይ ከነበረው ከአሜሪካዊው ጄፍሪ ሚቼል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በብዙ አገሮች ተሰራጭቷል። በኋላ ሲመረመር ግን የተጠበቀውን አላስገኘም። እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪታንያ የሥነ አእምሮ መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት የእሳት ቃጠሎ የደረሰባቸውን ሕሙማን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን እንዲህ አናገረ፤ ከ13 ወራት በኋላ ድኅረ አደጋ ጭንቀት የተገኘባቸው ካልተነጋገሩት መካከል 9 በመቶ ሲሆኑ ከተነጋገሩት መካከል ግን 26 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ተጎጂዎች እንጂ ሠራተኞች አለመሆናቸውን አልዘነጋም። ቢሆንም የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን የመሰለ የአንድ ጊዜ ማናገር ሕመሙን ለመከላከልም ሆነ ለማከም እንዳይቀርብ ወስነዋል። ገና ትኩስ የሆነን ነገር አንድ ቀን ከፍቶ ሰውን ወደ ቤቱ መስደድ ሕክምና አይደለም፤ በመሥሪያ ቤቶቻችን «የሥነ ልቦና ድጋፍ ተሰጥቷል» ተብሎ ሪፖርት የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ መምሪያ ነገሩን በሦስት ቃላት ያስቀምጠዋል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውየው በልቷል? ተኝቷል? ወደ ቤቱ የሚያደርሰው አለ? መናገር ከፈለገ ይደመጣል፤ ካልፈለገ አይገደድም። ቀጥሎ የሚመጣው መከታተል ነው። በብሪታንያ ሮያል ማሪንስ በሚባሉት ወታደሮች ዘንድ ተጀምሮ ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች የተዛመተ አንድ አሠራር አለ፤ ለዚሁ የሠለጠነ የሥራ ባልደረባ ከአደጋው ሦስት ቀን ገደማ በኋላ፣ ከዚያም ከወር በኋላ ጓደኛውን ለብቻው ቁጭ አድርጎ ይጠይቀዋል፣ ምልክቶቹ ካልቀነሱም ወደ ባለሙያ ይመራዋል። ስለዚህ አሠራር መጀመሪያ ስማር ወዲያው የመጣብኝ ሣልስትና አርባ ነው። ለሐዘንተኛ ይህን ሥርዓት እኛ ከጥንት አለን፤ በሦስተኛው ቀን እንሄዳለን፣ በአርባኛው እንሄዳለን፣ እንዴት ሰነበትክ እንላለን። አስክሬኑን ከመኪና ውስጥ ላወጣው ሰው ይህን የሚያደርግለት የለም፤ ለቅሶው የእሱ አይደለምና።

ከወር በኋላም ለማይለቀው፣ በተለይ እንደ ሾፌሩ ለዓመታት ለተጠራቀመበት ሰው፣ ጥሩ ውጤት እንዳላቸው በጥናት የታወቁ ሕክምናዎች አሉ። በአደጋው ትዝታ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀጠሮ ይወስዳል። ዓይንን ከግራ ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሱ ትዝታውን የሚያሠሩበትም መንገድ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም ይመክራል። እንደ ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች ንግግሩን ለማይፈልግ ወይም ለማያገኝ ሰው ይረዳሉ፤ ድብርት አብሮ ሲኖር ደግሞ ይበልጥ። ከሁሉም ልጽፍበት የምፈልገው ግን በጀርመን የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀረጹትን፣ የሕይወት ታሪክን ከዳር እስከ ዳር በመተረክ የሚከናወነውን ሕክምና ነው። የተቀረጸው ለአምቡላንስ ሠራተኛ አይደለም፤ ጦርነትና ስደት ደጋግሞ ለመታቸው ሰዎች ነው። ለእኛ ሥራ ይስማማል የምለው ግን ከዚሁ የተነሣ ነው፤ «ከሁሉ የከፋው የቱ ነው?» ብሎ አይጠይቅምና። በኡጋንዳ ናኪቫሌ የስደተኞች ሠፈር በሩዋንዳና በሶማሊያ ስደተኞች ላይ ሲሞከር ሕክምናውን የሰጡት ሐኪሞች ሳይሆኑ ከራሳቸው ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። «ባለሙያ የለንም» ለሚለው መልስ ይህ ከበቂ በላይ ይመስለኛል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ሲባጎ፣ ጠጠርና አበባ ነው። ሲባጎው ወለል ላይ ይዘረጋል፤ አንዱ ጫፍ የልደት ቀን ነው፣ ሌላው ጫፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ገና ያልኖሩት ዕድሜ ነውና። ሰውየው ከልደቱ ጀምሮ ለክፉው ቀን ድንጋይ፣ ለደጉ ቀን አበባ እያኖረ ይሄዳል። ሾፌሩ ከግቢያችን ጠጠር ሰብስቦ ሲገባ አበባውን አላነሣውም፤ «እኔ ያለኝ ድንጋይ ብቻ ነው» አለ። አልተከራከርኩትም። ድንጋዮቹን መደርደር ጀመረ፤ የአምቡላንስ ሥራ ወደጀመረበት ዓመት ሲደርስ ሲባጎው አልበቃውም፣ ድንጋዮቹ ተደራረቡ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና ከቡጌንቪላው አንድ አበባ አንሥቶ በድንጋዮቹ መካከል አስቀመጠ። ከወለንጪቲ ሲመለሱ አንዲት እናት መንገድ ላይ አምቡላንስ ውስጥ ወልዳ ነበር፤ እሱ የስልኩን መብራት ይዞ ነበር የቆመው። ያን ሌሊት ያስታወሰው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ እሱም አያውቅም።

በቀጣዮቹ ቀጠሮዎች ድንጋዮቹን አንድ በአንድ፣ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው አነሣን። አንዱን ስናነሣ ምን አየህ፣ ምን ሸተተህ፣ እጅህ ምን ያዘ፣ ልብህ ምን አለ፣ አሁንስ እዚህ ተቀምጠህ ምን ይሰማሃል እያልኩ ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ እስኪረጋጋም ድረስ አናቋርጥም። በሰባተኛው ቀጠሮ ስለ አንዲት ልጅ ሲተርክ ድንገት ቆመና «ለካ ቀን ነበር» አለኝ። ያ አደጋ በሐሳቡ ውስጥ ለዓመታት የሌሊት አደጋ ሆኖ ኖሯል። ፀሐይ እንደነበረ፣ ከመንገዱ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ነጠላቸውን አውርደው ልጅቷን እንደሸፈኑላት ያኔ ነው የታየው። ከአሥራ ሁለት ቀጠሮ በኋላ ታሪኩን ጽፌ አነበብኩለት፤ ወስዶም ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጦታል።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ነርስ በጎ ፈቃድ ላይ ሊቆም አይገባውምና። ሾፌሩ ሲታከም ከሥራ የቀረባቸው ቀናት እንዲያዙለት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ የሥራ ላይ ጉዳት ቅጽ ተሰጠው። ቅጹ «የተጎዳው የአካል ክፍል» የሚል መስመር ነበረው። ጸሐፊዋ «የቱ ጋ ነው የተጎዳኸው?» ስትለው መልስ አጥቶ ቅጹን ባዶውን ይዞት ተመለሰ፤ ቀናቱም ከዓመት ፈቃዱ ተቀነሱ። በጸሐፊዋ አልፈርድም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም በፊዚካል፣ በኬሚካል ወይም በባዮሎጂካል ነገሮች የሚመጣ የጤና መታወክ አድርጎ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ደም ያጠበ ሰው ቅዠት ከሦስቱ በየትኛው ይገባል? የዓለም የሥራ ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የአእምሮ ሕመሞችን ለብቻ አስፍሮ ድኅረ አደጋ ጭንቀትን በስሙ ጠርቶታል። አገራችን የዚህ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። በመንግሥት ተቋም ውስጥ ያሉት የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሌላ ሕግ የሚተዳደሩ ስለሆነ አዋጁ ብቻ ቢሻሻል ሁሉንም አያዳርስም፤ በሁለቱም በኩል መስተካከል ይኖርበታል።

ሥራውን ለመጀመር ግን ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። በየከተማው ያለ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ አገልግሎት ከሠራተኞቹ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ታማኝ ሰዎችን መርጦ፣ አሠልጥኖ የሦስተኛውን ቀንና የወሩን ጥየቃ ሊያስጀምር ይችላል፤ ለዚህ በጀት አልተያዘም ማለት አይቻልም። ከሕፃን ሞት የተመለሰ ቡድን ያንኑ ሌሊት ወደ ሌላ ጥሪ እንዳይላክ ማድረግ በፈረቃ መዝገብ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ሰው በበዛበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ደጃፍ ላይ የሥራ ልብሱን ለብሶ ወረፋ የሚይዝ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እንደማይገኝ ስለማውቅም፣ ሌላ በር ያለው አንድ ክፍልና በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲመደብ እለምናለሁ። የሚናገረው ወደ አለቃው ጠረጴዛ እንደማይሄድ በጽሑፍ ሊረጋገጥለት ይገባል፤ ታምሜአለሁ ያለ ሰው ከመንገድ ላይ ተነሥቶ ጥበቃ ተመድቧል የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ከተሰማ ሌላ ሰው አይመጣም። ባልደረቦቼ የሆናችሁ አንባቢዎችም እነዚህን ምልክቶች በራሳችሁ ወይም በጓደኛችሁ ላይ ካያችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሂዱ፤ እንደገባችሁም አስቀድማችሁ ሥራችሁን ተናገሩ። «ሾፌር ነኝ» ብቻ ሳይሆን «የአምቡላንስ ሾፌር ነኝ» በሉ።

ሾፌሩ ወደ ሥራው ተመልሶ በቀን ፈረቃ ይሠራል። አብዛኛውን ሌሊት ይተኛል፤ ልጆቹንም ትምህርት ቤት እሱ ነው የሚያደርሳቸው። በረኪና ግን እስካሁን እቤታቸው አይገባም፤ ሚስቱ ነጩን ልብስ እህቷ ቤት ወስዳ ታጥባለች።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ
አዳማ